በንጉሡ ሠ የተጻፈው ሰፈር

በካርታ ክፍሉ ውስጥ «እሳቷ» እያሉ የሚጠሯት ሴት ቁጡ አይደለችም። ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፤ ስሟን ብቻ ሰምቶ የሚመጣ ባለጉዳይ በሯን የሚያንኳኳው በአንድ ጣት ነው። ገብቶ የሚያገኛት ግን መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እርሳሶቿን ከረጅም እስከ አጭር ደርድራ የምታስቀምጥ፣ «ቁጭ በል፣ ወንበሩ አይነክስም» የምትል ሴት ናት። ዕድሜዋን የጨረሰችው በካርታ ሥራ ላይ ነው። ስትጀምር ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ በቀለም ብዕር ትስል ነበር፤ የተሳሳተ መስመር የሚጠፋው በምላጭ ተፍቆ ነው፤ ከዚያ ዘመን የተረፈላት በግራ እጇ ሌባ ጣት ላይ ያለች ቀጭን ጠባሳ ናት። በኋላ ኮምፒውተር መጣ። ጓደኞቿ «ይሄ ነገር ለእኛ አልተፈጠረም» እያሉ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወሩ፣ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

ዐርብ ጠዋት ግን ያ ሁሉ ልምድ ጠብ የሚል ነገር አላመጣላትም።

ክፍሉ ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሱ ሲሻገር ሰንብቷል። መንገዶቹ ተሻግረዋል፤ የውሃ መስመሮቹም ተሻግረዋል። የቀረው አንድ የመረጃ ቋት ነበር፤ የአሮጌው ሰፈር ቋት። ያ ሰፈር ዛሬ የለም። ፈርሶ በቦታው ሰፊ አደባባይና የመስታወት ሕንፃዎች ቆመዋል። ከመፍረሱ በፊት ግን እያንዳንዱ ቤት፣ እያንዳንዱ ደረጃ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው መተላለፊያ ሁሉ ተለክቶ፣ ተስሎ፣ በኋላም ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ነበር። የወረቀት ሥዕሎቹ ምድር ቤት ተቀምጠው ሳለ ቧንቧ ፈነዳባቸውና ተበላሹ። ከዚያ ወዲህ ያ ሰፈር በዓለም ላይ የቀረው በዚህ ቋት ውስጥ ብቻ ነው።

እሳቷ አዲሱን የካርታ ፕሮግራም ከፈተች፤ ቋቱን ጠቆመችለት፤ ጠበቀች። ነጭ ገጽ መጣ፤ ከሥሩም አንድ ዐረፍተ ነገር፦ «በዚህ ቋት ውስጥ ካርታ አልተገኘም።»

«እንዴት ነው የማይገኘው?» አለች ጮክ ብላ። «እኔ ነኝ እኮ ያስገባሁት!»

ከጎረቤት ጠረጴዛ ሥር አንድ ራስ ብቅ አለ። ገመዱ ነው፤ የክፍሉ የኮምፒውተር ባለሙያ። ስሙ የወጣለት ሽቦ ፍለጋ ከጠረጴዛ ሥር ስለማይጠፋ ነው።

«ምን አለሽ?»

«ካርታ የለም አለኝ።»

«ዋሽቶ ነው። ቆይ መጣሁ።»

የክፍሉ ኃላፊ የተናገሩት ነገር ሁለቱም ጆሮ ውስጥ ነበር። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ አሮጌ ነገር ሲያዩ ግን ትከሻቸውን ይከብዳቸዋል። «እስከ ዛሬ ማታ ያልተከፈተ ቋት አይሻገርም። የሞተ ነገር ተሸክመን አንገባም» ብለዋል። ለእሳቷ ግን ነገሩ ከዚያም በላይ ነበር። ለጋሼ ንጉሡ ቃል ገብታለች።

ጋሼ ንጉሡ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ናቸው፤ ከሙያ ትምህርት ቤት እንደ ወጣች የተቀበሏት፣ ሥራውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን መኖሩም አላዋጣም። ነገ ጠዋት ሴት ልጃቸው መጥታ ወደ ሌላ ከተማ ልትወስዳቸው ነው። እሳቷ ልትሰናበታቸው ሄዳ «ምን ላምጣልዎት?» ስትላቸው ብዙም አላሰቡ።

«ያንን የኖርንበትን ሰፈር በትልቁ አትመሽ አምጪልኝ። ማየቱስ ይቅርብኝ፤ በጣቴ ልሂድበት።»

«ይሄማ ቀላል ነው፤ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ነበር የወጣችው። ቀላል ነው! አሁን ነጩን ገጽ እያየች ያቺ «ቀላል ነው» ያለችበት ምላሷ ከበዳት።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ቅጂው ነበር። ሲገለበጥ ተቆርጦ እንደሆነ ብለው መጠኑን አዩ፤ ልክ ነው። ቋቱን እንደ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ሲከፍቱት ውስጡ ሙሉ ነው፤ የቤት ቁጥር አለ፣ የግድግዳ ርዝመት አለ፣ ማስታወሻ አለ። ፕሮግራሙ ጽሑፉን እያነበበ ሥዕሉን ግን አላይ ብሏል።

«ዱቄቱ ቋቱ ውስጥ አለ» አለ ገመዱ። «ይሄ ግን ይሄን ሁሉ ዱቄት እያየ ባዶ ነው ይላል።»

ቀጥሎ የተጠረጠረው ፕሮግራሙ ነበር። ገመዱ ካርታ የሚያነበውን ክፍል አውጥቶ እንደገና ጫነው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው፤ ያው ነጭ ገጽ። የመንገዶቹን ቋት ከፈቱ፤ ወዲያው ተሳለ። እሳቷ ደግሞ አዲስ ባዶ ቋት ፈጥራ አንዲት ነጥብ ብቻ አስገባችበት፤ ነጥቧ ስክሪኑ መሀል ላይ እንደ ዝንብ ቁጭ አለች። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ ያለው አሮጌው ቋት ውስጥ ነው።

«ጥሩ» አለች። እሷ የምትወደው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው፤ ጤነኛ ጤነኛውን አንድ በአንድ እያሰናበቱ በሽተኛውን ብቻውን ማስቀረት።

ካርታ ያለበት ቋት ሁሉ አንድ ማውጫ አለው። ማውጫው ለፕሮግራሙ «ሥዕል ያለው እንዲህ በሚባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ነው» ብሎ ይጠቁማል። ፕሮግራሙ በየሠንጠረዡ እየዞረ አይፈልግም፤ ማውጫው የነገረውን ስም ይዞ ሄዶ በሩን ያንኳኳል። የሚከፍትለት ካጣ «ካርታ የለም» ብሎ ይመለሳል።

«እንግዲያው ማውጫው የሚለውንና በትክክል ያለውን እናመሳክር» አለች። «አንተ ማውጫውን ይዘህ ጥራ፤ እኔ የሠንጠረዦቹን ዝርዝር ይዤ እመልሳለሁ።»

«ምን ያስጮኸናል? በዓይናችን አናየውም?»

«የድሮ ሥራ ነው። አንተ ጥራ ብቻ።»

ጥሪ የተማረችው ከጋሼ ንጉሡ ነው። ሰፈሩን ሲለኩ ሜትሩን እሷ ከወዲያ ጫፍ፣ እሳቸው ከወዲህ ጫፍ ይይዙታል። እሳቸው ልኩን ይጠራሉ፤ እሷ ደግማ ትናገራለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጻፈው። «ያየሽውን አልፈልግም፤ የሰማሽውን መልሰሽ ንገሪኝ» ይሏታል። በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ የሁለቱ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሲሄድ ሰዉ ከየበሩ ብቅ እያለ ያያል። ከፎቅ እጣቢ የምትደፋ አንዲት ሴት ነበረች፤ መጀመሪያ ትደፋና በኋላ «ዞር በሉ!» የምትል። ሦስቱን እግር ዘርግተው የመለኪያ መነጽሩን ሲተክሉት ልጆቹ ፎቶ ማንሻ ይመስላቸውና ተሰልፈው ይቆማሉ። አንድ ቀን አናጢው ራሱ ሽርጡን ፈትቶ፣ ኮት ደርቦ፣ መሰንጠቂያ መጋዙን እንደ ዘብ ይዞ መነጽሩ ፊት ቆመ። ጋሼ ንጉሡ እንዳያሳፍሩት ብለው ጎንበስ አሉና «አትንቀሳቀስ… ተነስተሃል!» አሉት። ሰውየው ሰፈሩ እስኪፈርስ ድረስ መንገድ ላይ ባገኛቸው ቁጥር «ጋሼ፣ ፎቶዬስ?» ይላቸው ነበር።

ገመዱ ጉሮሮውን ጠረገና ጠራ።

«የሠንጠረዡ ስም፤ ሰፈር።»

«ሠፈር። አለ» አለች እሳቷ ከዝርዝሩ ላይ።

«የሥዕሉ ዓምድ፤ ቅርጽ።»

«ቅርጽ። አለ።»

«ዓይነቱ፤ ባለ ብዙ ጎን።»

«ባለ ብዙ ጎን። አለ።»

«በቃ ሁሉም አለ» አለ ገመዱ ወንበሩ ላይ እየተለጠጠ። «የቀረነው እኔና አንቺ ነን፤ ስማችንን ልጥራ?»

እሳቷ አልሳቀችም። ሁሉም አለ፣ ካርታው ግን የለም። ከምሳ በኋላም ያንኑ ደጋገሙት፤ ሁሉም ቋት የማይገፋ ሙከራ ሆነ። ኃላፊው አንገታቸውን በበሩ አስገብተው «እህስ?» አሉ። እሳቷ «ትንሽ ይታገሱን» አለች። «እኔስ ልታገሥ፣ ማታው ነው የማይታገሠው» ብለው ሄዱ። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ የጋሼ ንጉሡ ልጅ ናት።

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ያንን ካርታ አመጣሽለት እንዴ? አባባ ሻንጣውን አላስዘጋ አለን። "አንድ ጥቅልል ነገር ይመጣል፣ ቦታ ተዉለት" እያለ ነው።»

«ይመጣል በይው» አለች እሳቷ። ስልኩን ዘጋች። እዚያ ሰፈር ውስጥ የጋሼ ንጉሡ ቤት ብቻ አልነበረም፤ እሷም ያደገችው እዚያው፣ ከአናጢው ቤት ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ነው። የእናቷን ቤት ግድግዳ የለካችው ራሷ ናት። እናቷ በሩ ላይ ቆማ «የገዛ ቤትሽን ስፋት አታውቂም? ለዚህ ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ?» ብላ የሳቀችባት ቀን ትዝ አላት። አሁን እዚያ ቦታ ላይ መኪና ይቆማል። አንዳንዴ በዚያ ስታልፍ፣ ደረጃው የነበረበትን ልታገኝ በእግሯ ትፈልጋለች፤ ሜዳው ግን ልስልስ ብሎ ምንም አይነግራትም።

ገመዱ ሁለት ሻይ ይዞ መጣ። አንዱን ፊቷ አስቀመጠና ነገር ለማስቀየስ ያህል፣

«እኔ የምልሽ» አለ፣ «ለምንድነው እሳቷ የሚሉሽ? እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ስትቆጪ አይቼ አላውቅም።»

እሳቷ ሳይወዱ በግድ የሚመጣ ሳቅ ሳቀች። «የፊደል ጠብ ነው። ከጋሼ ንጉሡ ጋር። የሳቸውም ስም ንጉሡ አይደለም እኮ፤ እኔ ነኝ ያወጣሁላቸው። ደሞዝ ከፋይዋ እንኳ እውነት መስሏት "ንጉሡ የሚባል ሠራተኛ የለም" ብላ አንድ ጊዜ መልሳቸው ነበር።»

«እንዴት ያለ የፊደል ጠብ?»

«ሰፈሩን መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ስናስገባ ስም ማውጣት ነበረብን። እኔ በእሳቱ ሰ ይጻፍ አልኩ። ሰፈር ከመስፈር ነው የመጣው፤ መስፈሪያ፣ መስፈርት የምንለው፤ እኛም የምንሠራው መስፈር ነው ብዬ ተከራከርኩ። ገና ከኮምፒውተር ሥልጠና መመለሴ ነው፣ አፌ አይዘጋ! እሳቸው ደግሞ "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የለካሁት ሰፈር ንጉሥ ነው፤ በንጉሡ ሠ ካልተጻፈ ሞቼ እገኛለሁ" አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ተነታረክን። "አንቺ እሳቷ፣ ሜትሩን አቀብይኝ" ማለት ጀመሩ፤ እኔም "እሺ ንጉሡ" አልኳቸው። በዚያው ቀረ።»

«ታዲያ ማን አሸነፈ?»

«ማን ያሸንፋል? አለቃዬ አይደሉ? በንጉሡ ነዋ የተጻ—»

ብርጭቆው ከንፈሯ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ገመዱ» አለች በቀስታ። «ባለፈው ወር ፊደል ያጸዳንበት ትእዛዝ ምን ምን ነበር የነካው?»

የፊደል ማጽዳቱን ሐሳብ ያመጣችው ራሷ ነበረች። ባለጉዳይ «ፀሐይ መውጫ መንገድ» ብሎ ሲፈልግ «ጸሀይ» ተብሎ የገባውን አያገኘውም፤ ስለዚህ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ ይምጡ ተባለ። ኃላፊው ተስማሙ፤ ገመዱ ሠራው።

«በየረድፉ የተጻፈውን ሁሉ ነካው» አለ ገመዱ። «ንጉሡን ወደ እሳቱ፣ ሐመሩን ወደ ሃሌታው፣ እያለ ይሄዳል። ለሁሉም ሠንጠረዥ።»

«ማውጫውንም?»

«ማውጫውም ሠንጠረዥ ነው፤ እሱንም…» ገመዱም ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«የሠንጠረዡን የራሱን ስምስ?»

«ስም በረድፍ ውስጥ አይደለም ያለው። ስም ግንባር ላይ ነው። ትእዛዙ ግንባር አይነካም።»

ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ዘለሉ። ማውጫውን በግራ፣ ዝርዝሩን በቀኝ አድርገው ጎን ለጎን አቆሟቸው። በግራ ሰፈር። በቀኝ ሠፈር። ጠዋት ያመሳከሩት በጆሮ ነበር፤ ለጆሮ ደግሞ ሁለቱ አንድ ናቸው። ገመዱ እሳቱን ሲጠራ እሷ ንጉሡን እያየች «አለ» ስትል ውላለች። ኮምፒውተሩ ግን ጆሮ የለውም፤ ለሱ እነዚህ ሁለቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም የማይባባሉ ናቸው።

«አይ ጋሼ!» አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «ያስተማሩኝ ጥሪ ነው ጉድ የሠራኝ።»

ገመዱ በሳቅ ተንፈራፈረ። «ጥሪሽስ ልክ ነበር፤ እኔ ነኝ "እሳቱ ሰ" ብዬ ያልጠራሁት።» ከዚያ ጣቶቹን አንቋቋ። «በይ እንጨርሰው። የሠንጠረዡን ስም በእሳቱ አደርገዋለሁ። አዲሱም ደንብ ያው ነው፤ ያንቺም ሐሳብ ነበር። ይኸው ጊዜ ፈረደልሽ።»

እሳቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። የማስታወሻውን ዓምድ እያየች ነበር። ጋሼ ንጉሡ በየቤቱ ፊት ለፊት ለልኬት ሥራ የማይፈለግ ነገር መጻፍ ልማዳቸው ነበር፤ «ውሻው ያስፈራራል እንጂ አይነክስም»፣ «በሩ ሲከፈት ይጮኻል፣ ዘይት ይፈልጋል»፣ «ህፃን ተኝቷል፤ ድምፅ ቀንሱ»። ቃላቸው ሁሉ አለ። ፊደላቸው ግን የለም፤ በየቦታው የሚሰኳቸው ንጉሦች ባለፈው ወር አንድ በአንድ ተሽረዋል። የሳቸው እጅ የቀረው ትእዛዙ ባልነካው በዚያ በአንድ ግንባር ላይ ብቻ ነው።

«ስሙን ተወው» አለች። «ማውጫውን ወደ ንጉሡ መልሰው።»

«እንዴ! ያን ያህል የተነታረክሽበትን?»

«ንትርኩም የሰፈሩ ነው። መልሰው።»

ገመዱ ትከሻውን ሰበቀና አንዲት ፊደል ለወጠ። እሳቷ ፕሮግራሙን እንደገና ከፈተች፤ ቋቱን ጠቆመችለት፤ ጠበቀች። ነጩ ገጽ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ከላይኛው ጥግ አንዲት ቤት መጣች፤ ከጎኗ ሌላ፤ ከዚያ ደረጃው፣ ከዚያ ጠባቡ መተላለፊያ፣ የቦኖ ውሃው፣ የጋሼ ንጉሡ ባለቤት ልብስ የሚሰፉበት ባለ ትልቅ መስኮት ክፍል፣ የአናጢው ግቢ፣ ሁሉም እየተገፋፋ፣ እየተደጋገፈ፣ ልክ ቆሞ ሳለ እንደነበረው ያለ ሥርዓት ሞልቶ ፈሰሰ። እሳቷ መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

ከደረጃው ጎን ያለችውን ትንሽ ቤት ነካች። ማስታወሻው ተዘረጋ፦ «የእሳቷ እናት ቤት። ደረጃው ይወላገዳል፤ ሲወርዱ ግድግዳውን መያዝ። ተስቆብናል።»

«ተከፈተ?» አሉ ኃላፊው ከበሩ። ስክሪኑን አዩና ሳያስቡት ወደ ውስጥ ገቡ። «ይሄ ያ ነው? እኔ እኮ እዚህ ጋ ብስክሌት ተከራይቼ ነው መንዳት የለመድኩት።» ጣታቸውን አንዲት ማዕዘን ላይ አድርገው ቆዩ። «በሉ ይሻገር» አሉና ወጡ።

ትልቁ ማተሚያ ወረቀቱን እያጉረመረመ ሲተፋ ቆየ። ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቷ ጥቅልሉን በክንዷ ሥር አቅፋ ጋሼ ንጉሡ ቤት ደረሰች። ክፍሉ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። ልጃቸው ጠረጴዛውን አጸዳችላትና ወረቀቱን ዘረጉት፤ ጥግ ጥጉን በብርጭቆ ያዙት።

ጋሼ ንጉሡ ፊታቸውን ወረቀቱ ላይ ሊያስነኩት እስኪደርሱ ጎንበስ አሉ። ርዕሱን በትልልቅ ፊደል ነበር ያሳተመችው።

«በንጉሡ ነው እንዴ የጻፍሽው?»

«በንጉሡ ነው።»

ቀና አሉ። «ያንቺ ነበር እኮ ልክ» አሉ። «ከመስፈር ነው የመጣው። ያኔም ገብቶኛል።»

«ያኔም? ሳምንት ሙሉ አስለፍልፈውኝ?»

«አለቃ ነበርኩዋ! ምን ላድርግ?» ሳቁና ሳቃቸው ወደ ሳል ሄደ። ሲረግብላቸው ርዕሱን በመዳፋቸው ሸፈኑት። «በይ አሁን በእሳቱ አድርጊው። ንጉሥ የነበረው ቆሞ ሳለ ነው።»

«አይሆንም ጋሼ» አለች እሳቷ ወንበሯን ወደሳቸው እየሳበች። «ሞክረነዋል። በእሳቱ ሲጻፍ አይገኝም።»

ሽማግሌው ይህን ለራሳቸው ደጋግመው ያሰቡት መሰሉ። ከዚያ ጣታቸውን ከመግቢያው መንገድ ጫፍ ላይ አሳረፉ።

«እንግዲያው ጥሪ» አሉ።

እሳቷ ክንዳቸውን ይዛ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። «የአናጢው ቤት።»

ጣታቸው በመተላለፊያው ገባች፤ ጥጉን ዞረች፤ ቆመች።

«የአናጢው ቤት» አሉ ጋሼ ንጉሡ። «አለ።»